ለትልቅ የዓሣ ገንዳ መቀመጫና ክፍል በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ትልቅ የዓሣ ገንዳ በቤቱ ሊያቆም የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ዓሣው ነው፤ ቀጥሎ ስለ መስታወቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስለ መቀመጫው። ሥራው ግን የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ወለሉ ሳይመረመር መቀመጫ አይሠራም፣ መቀመጫው ሳይስተካከል ገንዳ አይጫንም፣ የክፍሉ አየርና ፍሳሽ መውጫ ሳይበጅለት ደግሞ ውሃ አይሞላም። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የመስታወት ገንዳ ምሳሌ አድርጎ የተዘጋጀ ነው። የእርስዎ ገንዳ ከዚህ ቢያንስም ቢበልጥም ስሌቱ ያው ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ እየለወጡ መከተል ይችላሉ።

1. ክብደቱን ማስላት

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የባሕር ውሃ ከሆነ በሊትር 25 ግራም ያህል ይጨምራል። በምሳሌያችን ገንዳ ውሃው ከአፉ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢሞላ 605 ሊትር ያህል ይይዛል። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ስለሚመዝን፣ የአምስቱ ገጽ ስፋት ሲደመርም 4 ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ስለሚቀረው፣ ባዶው ገንዳ ብቻውን ወደ 120 ኪሎ ይጠጋል። በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት የሚነጠፈው አሸዋ 80 ኪሎ፣ ድንጋዩ 50 ኪሎ ነው እንበል። አሸዋውና ድንጋዩ ቦታ በመያዛቸው የሚቀነሰውን 50 ሊትር ያህል ውሃ አንሥተን፣ ከሥር የሚገባውን የማጣሪያ ገንዳ ከነውሃው 130 ኪሎ፣ መቀመጫውንም 80 ኪሎ አድርገን ብንጨምር ድምሩ አንድ ቶን ይሆናል።

ይህ አንድ ቶን የሚያርፈው ከ1.1 ካሬ ሜትር በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ደግሞ በአብዛኛው የሚነደፈው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ጭነት እንዲሸከም ታስቦ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የንድፉ ቁጥር የሚያመለክተው የክፍሉ ወለል በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲጫን ያለውን ሁኔታ በመሆኑ፣ አንድ ቦታ ላይ የተከማቸ ጭነት ወለሉን ይጎዳው እንደሆነ የሚወስነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታ ጭምር ነው።

2. ቦታ መምረጥ

ከሁሉ የሚመረጠው በቀጥታ በተጠቀጠቀ አፈር ላይ የተሞላ የምድር ቤት የኮንክሪት ወለል ነው። በፎቅ ላይ ከሆነ ገንዳው ሸካሚ በሆነ ግድግዳ ሥር፣ ረጅም ጎኑ ግድግዳውን ተከትሎ ይቀመጥ፤ በክፍሉ መካከል ከተቀመጠ ጭነት ይልቅ በዳር ያለ ጭነት ወለሉን እጅግ ባነሰ መጠን ያጎብጠዋልና። ወለሉ በእንጨት ወራጆች ላይ የተነጠፈ ከሆነ የገንዳው ርዝመት ወራጆቹን አቋርጦ እንዲያርፍ ያድርጉ፤ እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ለአራት ወይም ለአምስት ወራጆች ይከፋፈላል፣ ወራጆቹን ተከትሎ ቢቀመጥ ግን ሁለቱ ብቻ ይሸከሙታል። የእንጨት ወለል ላይ፣ ወይም ዕድሜውና አሠራሩ በማይታወቅ ፎቅ ላይ ይህን ያህል ክብደት ለማሳረፍ ካሰቡ አስቀድመው የሕንፃ መሐንዲስ ማማከር ይኖርብዎታል፤ ይህ በግምት የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

የቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ አይሁን፣ አልጌ ይበዛል፤ ውሃውም ከቀን ወደ ቀን ይሞቃል ይቀዘቅዛል። ቦታውን ከወሰኑ በኋላ ደግሞ ከመንገድ በር ጀምሮ እስከዚያ ያለውን መተላለፊያ፣ የደረጃውን መታጠፊያና የበሩን ወርድ ይለኩ። 120 ኪሎ የሚመዝን፣ ሊታጠፍም ሊዘነብልም የማይችል ዕቃ ስድስት ሰዎች ተሸክመውት ሲያልፉ የሚያስፈልገው ቦታ በሐሳብ ከሚገመተው በጣም ይሰፋል። የገንዳውን ትክክለኛ መጠን ከካርቶን ቆርጦ በመንገዱ ማሳለፍ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

3. ክፍሉን ማዘጋጀት

ገንዳው ሳሎን ውስጥ ብቻውን የሚቆም ከሆነ ከዚህ ክፍል የሚጠቅምዎት ስለ አየርና ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ነው። ሙሉው አሠራር ግን የተዘጋጀው ፊቱ ሳሎን ላይ የሚታይ፣ ጀርባው በግድግዳው ኋላ ወዳለች ትንሽ የሥራ ክፍል የሚከፈት ገንዳ ለሚፈልጉ ነው። የሥራ ክፍሏ 3 ሜትር በ2 ሜትር ብትሆን ይበቃል፤ በገንዳው ጀርባና በቀጣዩ ግድግዳ መካከል ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ፣ ከገንዳው አፍ በላይም 50 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል። ከዚህ ካነሰ ክንድን እስከ ብብት አስገብቶ ከታች ያለውን ድንጋይ ማንሣት አይቻልም።

የመጀመሪያው ሥራ ግድግዳውን መክፈት ነው። የሚከፈተው ግድግዳ ሸካሚ መሆን አለመሆኑ በባለሙያ ሳይረጋገጥ አንድ ብሎኬት እንኳ አይነሣ። ከክፍተቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከም ወራጅ አስቀድሞ ይግባ፤ ወራጁም በሁለቱም ጫፍ በግድግዳው ላይ በሚገባ ይረፍ። ክፍተቱ ከገንዳው በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፤ ግድግዳው በጊዜ ብዛት ትንሽ ቢወርድ ክብደቱን መስታወቱ ላይ እንዳያሳርፍ ነው። የቀረውን ቀዳዳ ከፊት በኩል በቀጭን የእንጨት ክፈፍ መሸፈን ይቻላል፤ ክፈፉ ግድግዳው ላይ ይመታል እንጂ ገንዳውን አይነካም።

ቀጥሎ ወለሉ ይሠራል። ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን በወለሉ ላይ ተነጥፎ በግድግዳው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ይታጠፍ፤ ከዚያ በላዩ ሴራሚክ ይነጠፍ። ወለሉ ወደ ፍሳሽ መውጫው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ያዘቀዘቀ ወለል ለውሃ ይመቻል፣ ለመቀመጫ ግን አይሆንም። ስለዚህ መቀመጫው የሚያርፍበት ቦታ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ የኮንክሪት መደብ ለብቻው ይሞላ። ይህ መደብ የመቀመጫውን እግር ከእርጥበት የሚያርቅ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በሩ ላይ የ5 ሴንቲ ሜትር ደፍ ይሠራለት፤ 3 በ2 ሜትር የሆነች ክፍል እስከዚህ ደፍ ድረስ 300 ሊትር ያህል ውሃ ትይዛለች፣ ይህም የገንዳው ግማሽ ቢፈስ እንኳ ሳሎኑ ሳይነካ ፍሳሽ መውጫው ሥራውን እንዲሠራ ጊዜ ይሰጣል።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ፤ በእኔ ግምት ከክብደቱ ይልቅ ቤት የሚያበላሸው ይህ ነው። በመጀመሪያው ገንዳዬ ጊዜ ለአየር ማስወጫ አንዳች አላሰብኩም ነበር። ሦስተኛው ወር ገደማ ላይ ጣሪያው ከግድግዳው በሚገናኝበት ጥግ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ፤ በጨርቅ ስጠርጋቸው ጠፉ፣ በሳምንቱ ግን እጥፍ ሆነው ተመለሱ። የበሩ ማጠፊያ ዝጎ መጮህ ጀመረ፤ የጣሪያውን ጂፕሰም በጣቴ ጫን ሳደርገውም እንደ እርጥብ ዳቦ ገባልኝ። በኋላ የተነነውን ውሃ ስለካ በቀን 5 ሊትር ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ትነት ከ23 ግራም አይበልጥም። የጣሪያዋ ከፍታ 2.6 ሜትር የሆነ ይህችው ክፍል 15.6 ሜትር ኩብ አየር ስለምትይዝ፣ ፍጹም ደረቅ ከነበረው አየር ተነሥታ እስክትጠግብ ድረስ የምትሸከመው 360 ግራም ያህል ነው። 5 ሊትር ደግሞ የዚህ አሥራ አራት እጥፍ ነው። የቀረው ውሃ የሚሄድበት ስለሌለው ቀዝቃዛ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ ሻጋታውም ከዚያ ይነሣል።

ስለዚህ በሰዓት 100 ሜትር ኩብና ከዚያ በላይ አየር የሚያስወጣ፣ ቱቦው በቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈት ማራገቢያ ከጣሪያው አጠገብ ይተከል። እርጥበቱ ከ60 በመቶ ሲያልፍ በራሱ የሚያስነሣው ማብሪያ ቢገጠምለት ሌትና ቀን እየጮኸ ከመክረም ይድናል። የሚወጣው አየር የሚተካበት መግቢያ ከሌለ ማራገቢያው በከንቱ ይሽከረከራል፤ ከበሩ ሥር የ2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው ወይም ዝቅ ብሎ አየር ማስገቢያ ማበጀት ያስፈልጋል። የውጭው አየር ራሱ አብዛኛውን ዓመት እርጥብና ሙቅ በሆነበት አካባቢ ግን ማራገቢያ ብቻውን አይበቃም፤ እርጥበት መጣጭ መሣሪያ ይጨመርበት። ግድግዳውና ጣሪያው በእርጥበት ተከላካይ ጂፕሰም ወይም በሲሚንቶ ቦርድ ተሠርቶ በኤፖክሲ ቀለም ይቀባ፤ ማጠፊያውና ብሎኑ ሁሉ የማይዝግ ብረት ይሁን።

ለውሃው አንድ ቧንቧ፣ አንድ ማስወገጃ ይበቃል። በሳምንት ከ10 እስከ 20 በመቶ ውሃ የሚቀየር ከሆነ ከ60 እስከ 120 ሊትር ማለት ነው፤ ይህን በባልዲ ማመላለስ ለአንድ ወር ይቻል ይሆናል፣ ለዓመት ግን አይቻልም። ማስወገጃ ቱቦው ከ40 ሚሊ ሜትር አይጥበብ። አዲሱ ውሃ ከመግባቱ በፊት ክሎሪኑ የሚወገድበትና ሙቀቱ የሚስተካከልበት 150 ሊትር የሚይዝ በርሜል የሚቀመጥበት ቦታ በክፍሉ ጥግ ይተውለት።

4. ኤሌክትሪክ

ይህን ሥራ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ እርስዎ ግን ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ይወቁ። ለክፍሉ ራሱን የቻለ መስመር ይሳብ፤ በመስመሩም ላይ 30 ሚሊአምፒር የሚያህል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ይገጠም። የመሬት ገመዱ መሥራቱ በመሣሪያ ይፈተሽ። ሶኬቶቹ ከገንዳው አፍ ከፍ ብለውና ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ግድግዳ ላይ ይተከሉ፤ ውሃ የማይገባበት ክዳን ይኑራቸው። ዲቫይደር መሬት ላይ ወይም ከማጣሪያው ገንዳ በላይ ፈጽሞ አይቀመጥ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይታጠፍ፤ በገመዱ ላይ ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

5. መቀመጫውን መሥራት

መቀመጫ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚፈራው እግሩ ይሰበራል ብሎ ነው። እግር ግን ቀጥ ብሎ ከቆመ በቀላሉ አይሸነፍም፤ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጤነኛ አጭር ሞራሌ ቁልቁል ሲጫን ከአንድ ቶን በላይ ይሸከማል፣ የእኛው መቀመጫ ደግሞ ስድስት እግር አለው። መቀመጫን የሚጥሉት ሦስት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ክብደቱ በእንጨቱ ሳይሆን በብሎን ላይ ማረፉ፣ የላይኛው አግዳሚ መጉበጡ፣ እና መላው ሳጥን ወደ ጎን መንጋደዱ። አሠራሩ ሦስቱን አንድ በአንድ የሚዘጋ መሆን አለበት።

ለእንጨት መቀመጫ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የደረቀና ያልተጣመመ ሞራሌ ይምረጡ። እንጨቱን ከአንድ ጫፍ ወደ ዓይን አቅርቦ በርዝመቱ አሻግሮ ማየት መጣመሙን ያሳያል፤ አጥጋቢ ያልሆነውን ለማገጃ ይተዉት። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ሲደርቅ ስለሚጣመም፣ የገዙትን እንጨት ሥራው በሚሠራበት ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል አየር በሚያገኝበት ሁኔታ ደርድረው ያቆዩት።

መጀመሪያ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች የሚሆኑ ሁለት ባለ አራት ማዕዘን ፍሬሞች ይሠሩ፤ የውጭ መጠናቸው ከገንዳው መሠረት ጋር እኩል ወይም በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሰፋ ይሁን። የላይኛው ፍሬም እንጨት በጠባብ ጎኑ ቁሞ ይግባ፤ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ላይ ይቁም። አንድ አግዳሚ ቁመቱ በእጥፍ ሲጨምር መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ ስምንት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ያንኑ እንጨት አስተኝቶ መግጠም ከንቱ ማባከን ነው። ፍሬሙ ስኳድራ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለቱን ሰያፍ ይለኩ፤ 180 በ60 ለሆነ ፍሬም ሁለቱም 189.7 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቪቴውን ፈትተው ያስተካክሉ።

ከዚያ እግሮቹ ይቆማሉ፤ አራቱ በማዕዘን፣ ሁለቱ በረጅሙ ጎን መካከል። የላይኛው ፍሬም በቀጥታ በእግሮቹ አናት ላይ ይረፍ፣ እግሮቹም በታችኛው ፍሬም ላይ። በእግሩ ጎን ተለጥፎ በቪቴ ብቻ የተያዘ አግዳሚ ካለ ክብደቱን የተሸከመው ቪቴው ነው፤ ቪቴ ደግሞ የተሠራው ሁለት እንጨት አጣብቆ ለመያዝ እንጂ ቶን ለመሸከም አይደለም። ለማረጋገጥ አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፤ ቪቴዎቹ በሙሉ አሁን ቢወጡ ክብደቱ ከእንጨት ወደ እንጨት እየተላለፈ ወለል ይደርሳል ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ይንሸራተታል? ስድስቱ እግሮች በአንድ ልክ መቆረጣቸው ወሳኝ ስለሆነ በየተራ ከመለካት ይልቅ የመጀመሪያውን ልክ አድርጎ በመጋዝ ማሽን ላይ ማገጃ አስሮ መቁረጥ ይሻላል። የመቀመጫው ከፍታ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቆሞ ለሚያይም ለሚሠራም ይመቻል።

የመካከለኛው እግር ነገር ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎች ለማጣሪያው ገንዳ ቦታ ለማግኘት ብለው ያስቀሩታልና። እያንዳንዱ የላይኛው አግዳሚ በሜትር 250 ኪሎ ያህል ይሸከማል። በየ90 ሴንቲ ሜትሩ እግር ሲኖር ከለስላሳ እንጨት የተሠራ 5 በ10 አግዳሚ የሚጎብጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው። የመካከሉ እግር ሲወጣ ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል፣ ጉብጠቱ ግን አሥራ ስድስት እጥፍ ሆኖ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መስታወት 9 ሚሊ ሜትር አብሮ አይጎብጥም፤ ይሰነጠቃል ወይም ሲሊኮኑ ይላቀቃል።

እኔ ራሴ ይህን አውቄ እግሩን ሳላስቀር ሌላ ስሕተት ሠራሁ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን የማጣሪያ ገንዳ መቀመጫው ገና ክፍት ሳለ ከላይ አስገብቼ፣ ከዚያ ክዳኑን መታሁ፣ ትልቁን ገንዳም ጫንኩ። በዓመቱ የማጣሪያው አንዱ ማዕዘን መንጠባጠብ ጀመረ፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 82 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ለአንድ ጠብታ ስል 600 ሊትር ውሃ ቀድቼ፣ ዓሣውን በበርሜል አስቀምጬ፣ ትልቁን ገንዳ ማንሣት ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ ማጣሪያው ከእግሮቹ ክፍተት የሚረዝም ከሆነ በጠባቡ ጎን በኩል እንዲገባና እንዲወጣ ያንን ጎን በሚነቀል ሰሌዳ ብቻ ይዝጉት፣ ወይም ማጣሪያውን በሥራ ክፍሉ ውስጥ ከመቀመጫው ውጭ ያስቀምጡት።

መንጋደድን የሚከለክለው ሰሌዳ ነው። ጀርባውንና አንዱን ጠባብ ጎን በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑ፤ በውሃ በማይለቅ የእንጨት ሙጫ ቀብተው በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ቪቴ ይምቱበት። ለቱቦ የሚሆን ቀዳዳ መክፈት ይቻላል፣ ግን ከማዕዘኖቹ ራቅ ብሎ ይሁን። ክፍት በሚቀረው ጎንና በፊት በኩል በየላይኛው ማዕዘን 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሦስት ማዕዘን ኮምፔንሳቶ ይመታ። የላዩም ክዳን እንዲሁ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። ቺፕውድና ኤም ዲ ኤፍ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ጠርዛቸው አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣሉ፣ ያበጠውም ወደ ቦታው አይመለስም። ሲያልቅ መላው መቀመጫ፣ የተቆረጡት ጫፎችና የታችኛው ፍሬም ሥር ሳይቀሩ፣ ሦስት ጊዜ በፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ይቀባ፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስም ይቆይ።

ብረት የሚመርጥ ሰው 50 በ50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦላሬ በተመሳሳይ ንድፍ መሥራት ይችላል። ብየዳ ብረቱን ወደ ራሱ ስለሚስብ መጀመሪያ ሁሉም መጋጠሚያ በነጥብ ብቻ ይያዝ፣ ሰያፉ ይለካ፣ ከዚያ ጎን እየቀያየሩ ይጨረስ። የእግሮቹ ጫፍ ስለታም ሆኖ ሴራሚኩን እንዳይሰነጥቅ ከሥራቸው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ ይበየድ። የባሕር ውሃ ለሚይዝ ገንዳ ግን አንቲረስት ተቀብቶም ቢሆን ብረት የዘወትር ክትትል ስለሚጠይቅ እኔ እንጨቱን እመርጣለሁ።

6. ማስተካከልና ገንዳውን መጫን

መቀመጫው በመደቡ ላይ ከቆመ በኋላ በረጅም ውሃ ልክ በርዝመትም በወርድም ይታይ። በጠቅላላው ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ የውሃውን መስመር ያጋድለው ይሆናል እንጂ መስታወቱን አይጎዳም። የሚጎዳው ጠመም ማለት ነው፤ ሦስቱ ማዕዘኖች በአንድ ደረጃ ሆነው አራተኛው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል። ይህን ውሃ ልክ በቀላሉ አያሳይም፣ ክር ግን ያሳያል፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለት ክሮች በክዳኑ ጠርዝ ላይ አንድ ዓይነት ውፍረት ባላቸው ማረፊያዎች ላይ ጥብቅ አድርገው ይወጥሩ። ክሮቹ መሐል ላይ ለጥቂት የሚነካኩ ከሆነ ክዳኑ አልጠመመም፤ በመካከላቸው ብርሃን ከታየ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ከተጫነ አንድ ማዕዘን ይስተካከል። የክሮቹን ቦታ ከላይ ወደ ታች ቀያይሮ እንደገና ማየት ስሕተትን ይቀንሳል። ማስተካከያው የሚገባው ከመቀመጫው በታች፣ በወለሉና በፍሬሙ መካከል ብቻ ነው። በገንዳውና በመቀመጫው መካከል ስንጥር መክተት ክብደቱን በስንጥሩ ላይ ስለሚያከማች ገንዳ የሚሰበርበት ዋና መንገድ ነው።

የታችኛው መስታወቱ በቀጥታ ክዳኑ ላይ ለሚያርፍ ገንዳ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ፎም ይነጠፍ፤ ጥቃቅን ጉብታዎችን ይውጣል። ከመነጠፉ በፊት ክዳኑን በባዶ እጅ ይዳብሱት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ መቅረት የለባትም። ዙሪያውን በፕላስቲክ ፍሬም የተያዘና የታችኛው መስታወቱ ከክዳኑ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ገንዳ ከሆነ ግን ፎም አይነጠፍለትም፤ ፎሙ መሐሉን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላልና የሠሪውን መመሪያ መከተል ይሻላል።

ገንዳው የሚነሣው ከታች እጅ በማስገባት ወይም በመስታወት ላይ በሚጣበቅ መምጠጫ እጀታ ነው፤ ከላይ ባሉት ማገጃ መስታወቶች ፈጽሞ አይያዝ። ከተቀመጠ በኋላ ጠርዙን ዙሪያውን ይመልከቱ፤ ከየትኛውም ጎን ነጭ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ቢገኝ ውሃ ከመሞላቱ በፊት ተነሥቶ ይስተካከል።

7. የውሃ ሙከራ

ውሃ ከመግባቱ በፊት ከጣሪያው እስከ መቀመጫው አራት ማዕዘኖች ያለውን ርቀት ለክተው ይጻፉ። አንድ ሦስተኛ ሲሞላ ያቁሙና ከገንዳው ጠርዝ እስከ ውሃው ፊት ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ይለኩ፤ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የገንዳውን አቀማመጥ የሚነግርዎት ይኸው ውሃ ነው። ልዩነቱ ከላይ ከተጠቀሰው 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ውሃውን ቀድተው ያስተካክሉ፤ ውሃ እያለ በክሪክ ለማንሣት መሞከር የለም። ደህና ከሆነ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ ይሞላ፤ በየመካከሉ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ሙሉ በሆነ ጊዜ የፊተኛው መስታወት ብቻውን ወደ ውጭ 280 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይገፋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለ48 ሰዓት፣ ቢቻል ለአንድ ሳምንት፣ በየማዕዘኑ ሥር ደረቅ ጋዜጣ አንጥፎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከጣሪያ የተለካው ርቀት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢጨምር የሚያስገርም አይደለም፤ እንጨቱ ይታመቃል። ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ወለሉ እየወረደ ስለሆነ ውሃው ወዲያው ይቀዳ።

የመጨረሻው ሙከራ የኤሌክትሪክ መጥፋት ነው። ፓምፑ ሲቆም ከገንዳው መትረፊያ አፍ በላይ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ማጣሪያው ይወርዳል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ 21.6 ሊትር ነው፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ሲታከልበት ወደ 25 ሊትር ይጠጋል። ወደ ላይ የሚመልሰው ቱቦ አፉ ከውሃው ፊት በታች ጠልቆ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ እየሳበ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊያወርድ ስለሚችል፣ ከውሃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ በቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለት፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ቱቦው አየር ስቦ ይቆማል። ፓምፑን ከሶኬቱ ነቅለው የሚወርደው እስኪያበቃ ይጠብቁ፣ የማጣሪያው ገንዳ እስከ አፉ ምን ያህል እንደቀረው ይዩ። ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ውሃ ይቀንሱና ፓምፑን መልሰው ያስነሡ፤ ውሃው ረግቶ በሚቆምበት መስመር ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚጨምር የቤት ሰው ማንም ይሁን ማን ከዚህ ምልክት አያሳልፍ።